ለገጠር የሞተር ጉዞ ጂፒኤስ፦ መጀመሪያ ካርታው ወይስ መሣሪያው?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር፣ ማለትም ይህን የመድረካችንን የጥያቄና መልስ ገጽ፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ እየበዛ ሲሄድ አዲስ የሚገባ ሰው መሀል ላይ ይጠፋና የተመለሰውን መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ የተባለውን ከላይ ጀምሬ በራሴ አነጋገር ልተርከው። የምስማማበትንም የማልስማማበትንም እናገራለሁ።

መነሻዬ ይህ ነበር። ከአዲስ አበባ ወጣ እያልን ኮረኮንችና ጥርጊያ መንገድ ላይ የምንነዳ ጓደኛሞች ነን። ሞተሮቻችን ቀላል ናቸው፤ አብዛኞቹ 200 ሲሲ። ከደብረ ብርሃን በጣርማበር ወደ መሐል ሜዳና ጓሳ እንወጣለን። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ወርደን ዓለም ከተማ እንገባለን። ሲመቸን ደግሞ ከጎባ ሰነቴን አቋርጠን ወደ ሐረና ጫካ እንወርዳለን። እስካሁን መንገድ የምናየው በስልክ ነው። አሁን መሪው ላይ የሚታሰር፣ ዝናብና ንዝረት የሚችል፣ ዝርዝር ካርታ የሚይዝ ጂፒኤስ መግዛት ፈልገናል። የቱ ይሻላል ብዬ ጠየቅሁ።

ከጥያቄው ጋር አንድ አቋም አስቀምጫለሁ። ሰው መሣሪያ ሲገዛ ስክሪኑን፣ ባትሪውንና ዋጋውን ያወዳድራል። እኔ ግን መጀመሪያ የሚመረጠው ካርታው ነው እላለሁ። አሜሪካ የተገዛ መሣሪያ ይዞ የሚመጣው የሰሜን አሜሪካን ዝርዝር ካርታ ነው። ኢትዮጵያ ላይ ስትከፍቱት ዋና ዋና አስፋልቶችና ትልልቅ ከተሞች ይታያሉ፤ የቀረው ባዶ ነው። እኛ የምንሄደው ደግሞ ባዶው ላይ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን የሚያገናኙ ብዙ መንገዶች ተጠርገዋል። የበቅሎ መንገድ የነበረው ዛሬ ሞተር ያስኬዳል። ይህን የማያሳይ፣ ሌላ ካርታም የማይቀበል መሣሪያ የቱንም ያህል ቢያምር ለኛ አይሆንም።

ቁጥር 1 ከሐዋሳ የመጣ መልስ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ አቋሜን ተቀብሎ ጀመረ። ለኢትዮጵያ ገጠር እስካሁን ያየው ምርጥ ካርታ ኦፕንስትሪትማፕ እንደሆነ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ ማንም ሰው የሚያርመው፣ ማንም በነፃ የሚወስደው ካርታ ነው። ቢቢባይክ በሚባለው ድረ ገጽ የሚፈልጉትን አካባቢ በአራት ማዕዘን ከልሎ ጋርሚን የተባለው ድርጅት የሚሠራቸው ጂፒኤሶች በሚያነቡት ፎርማት ማውረድ እንደሚቻልም ነገረን።

ቁጥር 2 ወዲያው ወደ ተግባሩ ገባ። የወረደውን ፋይል ኤስዲ ካርዱ ላይ ጋርሚን በሚል ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ስሙም የግድ ጂማፕሰፕ መሆን አለበት አለ። ቁጥር 3 ይህን አረመ። ስሙ ግዴታ የሆነው በድሮዎቹ ሞዴሎች ላይ ነው። አዲሶቹ የፋይሉ ስም መጨረሻ አይኤምጂ እስከሆነ ድረስ የፈለጉትን ስም ይቀበላሉ። ስለዚህ የሸዋን፣ የባሌንና የኦሞን ካርታ በየስማቸው ማስቀመጥ፣ የማያስፈልገውን ደግሞ ከሜኑ ማጥፋት ይቻላል። ሁለት ዝርዝር ካርታ በአንድ ጊዜ ከተበራ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋልና ማጥፋቱን እንዳንረሳ አሳሰበ። ይህችን ምክር አደራ ያዟት። ካርታው አይታይም ብለው ከሚጠይቁን ሰዎች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ይኸው ቁጥር 3 ቶምቶም ራይደር ስለሚባለው የሌላ ድርጅት የሞተር ጂፒኤስም ተናገረ። የጉዞ መስመር የሚቀመጥበትን የጂፒኤክስ ፋይል ይቀበላል፤ የውጭ ካርታ ግን አይቀበልም። አውሮፓ ለሚነዳ ጥሩ ነው፤ መርሐቤቴ ለሚነዳ ግን አይሆንም ብሎ ደመደመ። እኔም ከዝርዝሬ አወጣሁት።

ከቁጥር 4 እስከ 6 ያሉት መልሶች ስለ ጋርሚን መሣሪያዎች ናቸው። ቁጥር 4 ዙሞ ኤክስቲን አመሰገነ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው፤ ስክሪኑ 5.5 ኢንች ነው፤ ፀሐይ ላይ በደንብ ይታያል። የራሱ ባትሪ ግን ቢበዛ 6 ሰዓት ነው የሚሄደው፤ ከሞተሩ ባትሪ ጋር በገመድ መያያዝ አለበት። ቁጥር 5 ሞንታና 700ን መረጠ። ስክሪኑ 5 ኢንች ነው። ባትሪው እስከ 18 ሰዓት ስለሚቆይ ከሞተሩ ነቅሎ ይዞት በእግር መሄድ ይቻላል። ሞተሩን አቁመው ገደል አፋፍ ድረስ ሄደው መንገድ ለሚያዩ እንደኛ ላሉ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቁጥር 6 ሁለቱንም አልወደደም። በጭቃ በተለወሰ ጓንት ስክሪን መንካት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። እሱ የሚይዘው ጂፒኤስማፕ 276ሲኤክስን ነው። ስክሪኑ አይነካም፤ ሁሉም ነገር በቁልፍ ነው። ዝናብ ጠብ ሲልበት ካርታው በራሱ አይሸሽም። ወፍራም መሣሪያ ነው፤ አያምርም። ግን በክረምት ጉሙ ሲወርድ ለማጉላትም ለማሳነስም አንድ ጣት ይበቃል። እኔ በዚህ ነጥብ ላይ ሙሉ በሙሉ ከሱ ጋር ነኝ። ቁልፍ ያለው መሣሪያ እየቀረ መሄዱ ያሳዝነኛል።

ቁጥር 7 ባጀት የሌላቸውን አስታወሰ። ኢትሬክስ 32ኤክስ የምትባለው ትንሿ የጋርሚን መሣሪያ ስክሪኗ 2.2 ኢንች ብቻ ነው። ነገር ግን ያንኑ የአይኤምጂ ካርታ ትቀበላለች። በሁለት የባትሪ ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት ትሠራለች። ድንጋዩ በየሱቁ አለ። ይህ ከሞተሩ ኤሌክትሪክ ነፃ ያደርጋል። ከመልሱ ሥር አንዲት እህት እርማት አስገባች። ገጠር ሱቅ የሚሸጠው ርካሽ ድንጋይ የተባለውን 25 ሰዓት ሊሰጥ አይችልም፤ ብርድ ላይማ ጭራሽ አይታሰብም። ሰነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ስትወጡ ሊቲየም ወይም ጥሩ የሚሞላ ባትሪ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ ብላለች። የእሷ መልስ ቁጥር 8 ነው።

ቁጥር 9 ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ይህ ሁሉ የገንዘብ ብክነት ነው አለ። ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባሉት መተግበሪያዎች በስልክ ላይ ያንኑ ኦፕንስትሪትማፕ ያለ ኔትወርክ ያሳያሉ። ስክሪናቸው ይበልጣል፤ አጠቃቀማቸው ይቀላል። በብዙ መቶ ዶላር ጂፒኤስ ከመግዛት ጎማ መቀየር ይሻላል። አልፎ ተርፎም መሪያቸው ላይ መሣሪያ የሚደረድሩ ሰዎች ለፎቶ ነው የሚወጡት ብሎ ተናገረ።

ቁጥር 10 መልሱን በማስረጃ ሰጠው። አፕል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ኃይለኛ የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ማረጋጊያ ሊጎዳ እንደሚችል ገልጿል። አይፎን እንዲሠራበት የተመከረው የአየር ሙቀትም እስከ 35 ዲግሪ ነው። ቁጥር 10 ወደ ዳሎል ወርዶ ያውቃል። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ጥላ የለም። ስልኩ መጀመሪያ ብርሃኑን ቀነሰ፣ ቀጥሎ ሙቀቱ እስኪበርድ ድረስ አልሠራም አለ። ከፊቱ ያለው ሜዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የመኪና ጎማ የሄደበት ደግሞ በየአቅጣጫው ተበታትኗል።

ቁጥር 11 ላይ ያው የስልክ ወዳጅ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን የተናገረው ቁም ነገር ነው። የምትደውሉበትን ውድ ስልክ መሪው ላይ አትሰሩ፤ ካሜራው ተራ የሆነ አሮጌ ስልክ ለካርታ ብቻ መድቡ አለ። ቢሰበር አያናድድም። የምትደውሉበት ስልክም ባትሪው ሞልቶ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ምክር ተቀብያለሁ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። የፎቶውን ነገር ባይጨምርበት ኖሮ ከመጀመሪያው እንሰማው ነበር።

ቁጥር 12 የአንጋፋ ሰው መልስ ነው። በድሮ ጊዜ ለመስክ ሥራ በሞተር አገር ያዳረሱ አባት ናቸው። እሳቸው የሚያምኑት የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተመውን 1:50,000 ካርታ ነው። ጅረቱ፣ አምባው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የእግር መንገዱ ሁሉ አለበት። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡን። ያ ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የመሬት ልኬት መነሻ ነው። ጂፒኤሳችን ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ዓለም አቀፍ መነሻ ላይ ነው። ከካርታው ቁጥር አንብባችሁ ሳታስተካክሉ መሣሪያው ውስጥ ካስገባችሁ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ሜዳ ላይ 200 ሜትር ምንም አይደለም። ጀማ ሸለቆ ላይ ግን ከገደሉ በላይና ከገደሉ በታች ማለት ነው።

ቁጥር 13 በቅየሳ ሙያ ላይ ያለች እህት ናት፤ የአባታችንን ቃል አጸናች። መሣሪያው ሴቲንግ ውስጥ አዲንዳን የሚል ምርጫ አለ። ካርታው አገሩን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚከፍልበትን የዞን ቁጥርም ማየት ያስፈልጋል፤ ጋምቤላ 36 ላይ ነው፣ አዲስ አበባ 37፣ ጅጅጋ 38። ነጥቡን ካስገባችሁ በኋላ ወደ ደብሊውጂኤስ 84 መልሱት፤ አለዚያ ለጓደኛችሁ በቃል የምታነቡለት ቁጥር ስልኩ ላይ ሌላ ቦታ ያሳየዋል ብላለች። ዲግሪን በነጥብ ከመጻፍና በደቂቃ ከመጻፍ የሚመጣውን መምታታትም ጠቀሰች። አንድ ነጥብ ስትልኩ በየትኛው አጻጻፍ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ቁጥር 14 አጭርና ስድብ አዘል ነበር። የወረቀት ካርታ ለሙዚየም ነው፤ እኛ የምንፈልገው አዲስ መረጃ ነው የሚል። አባታችን በቁጥር 15 ሲመልሱ አልተቆጡም፤ ግን አልለቀቁትም። መንገድ ይቀየራል፣ ገደል አይቀየርም አሉ። የዛሬዎቹ ነፃ ካርታዎች ላይ ያሉት የከፍታ መስመሮች፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት፣ ከየት እንደመጡ ታውቃለህ ወይ ብለውም ጠየቁት።

አላወቀም፤ ቁጥር 13 ናት የመለሰችው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ መሬትን በራዳር ለክታለች። አብዛኞቹ ነፃ ካርታዎች የከፍታ መስመራቸውን ከዚያ ልኬት ነው የሚያወጡት። ልኬቱ በ30 ሜትር ገደማ እርምጃ ስለሆነ ቀጥ ያለ ገደል ወደ ተዳፋትነት ይለሳለሳል። ካርታው ላይ ወራጅ የሚመስለው ቦታ ሲደርሱ አፋፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው ስታዩ ከሚታየው የበለጠ ቁልቁል ይኖራል ብላችሁ ገምቱ። ለኔ ከዚህ ክር ሁሉ የሚበልጠው መልስ ይህ ነው። ሸለቆ ወርዶ የሚነዳ ሰው ያለ ከፍታ መስመር ካርታ አይጫን።

ቁጥር 16 ጭራሽ ከርዕሱ ወጣ። ጂፒኤስ ምን ያደርጋል፣ እረኛ መጠየቅ ይበቃል አለ። ቁጥር 17 እረኛው የሚነግርህ የእግሩን መንገድ ነው ብሎ ተከራከረ። ለእሱ ቅርብ የሆነው ላንተ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ አቋራጩም ድንጋይ ለድንጋይ ነው። እኔ በሁለቱ መሀል ጠብ አይታየኝም። ካርታው መንገድ መኖሩን ይነግረኛል። ድልድዩ ባለፈው ክረምት መወሰዱን የሚነግረኝ ግን የአካባቢው ሰው ነው።

ቁጥር 18 ይህንኑ ወደ ከባዱ ጉዳይ ወሰደው። ዛሬ ከመውጣት በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ሰላሙ ነው፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ካርታ አያሳይም። ማታውኑ ለምታድሩበት ከተማ ሰው ደውሉ፤ መንገዱ አይሆንም ካሏችሁ ሌላ ጊዜ ሂዱ። ከዚህ በታች ፖለቲካ ሊገባበት ነበር። አወያዩ በቁጥር 19 ሁላችንንም ወደ ርዕሱ መለሰን። በሐሳቡ ግን ማንም አልተቃወመም። እኛም አንዳንዱን መንገዳችንን በዚሁ ምክንያት ትተነዋል።

ከዚያ ውጭ ያሉ ወገኖች ገቡ። ቁጥር 20 ከሃይፋ አካባቢ ጻፈ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ወዲህ በሰሜን እስራኤል የጂፒኤስ ምልክት ሆን ተብሎ ይታወክ ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ ካርታው ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ነህ ይለዋል። ውድ መሣሪያ መያዝ አልረዳውም፤ የሐሰቱ ምልክት ከእውነተኛው ይበረታ ነበርና። እዚያ አገር ግን የእግር መንገዶቹ ድንጋይና ዛፍ ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ 1:50,000 የወረቀት ካርታም አለ። በእሱ ተመርቶ ወጣ። ቁጥር 12 ላይ ያሉት አባት ይህን አንብበው በጣም እንደተደሰቱ በአጭሩ ጻፉ። ቁጥር 21 መሆኑ ነው።

ቁጥር 22 ከቨርጂኒያ ነው። እዚያ ባክካንትሪ ዲስከቨሪ ሩትስ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ለሞተረኞች የተጠና የገጠር መንገድ በነፃ ይሰጣል። አንደኛው ከቨርጂኒያዋ ዳማስከስ ተነስቶ ፔንሲልቬንያ ከኒውዮርክ ጋር እስከምትዋሰንበት ድረስ ይሄዳል። ይህ ሰው አንድ ነገር አበክሮ ነገረን። ድርጅቱ ፋይሉን ያድሳል፤ ከመውጣታችሁ በፊት አዲሱን አውርዱ ይላል። ዓምና የተመዘገበ ትራክ ዘንድሮ የተዘጋ መንገድ ሊሆን ይችላልና።

ከሱ ተያይዞ በትራክና በሩት መካከል ያለው ልዩነት ተነሳ። ቁጥር 23 በደንብ አስረዳው። ትራክ አንድ ሰው የሄደበት መስመር ነው፤ ካርታው ቢቀየርም መስመሩ አይነቃነቅም። ሩት ግን ጥቂት ነጥቦች ናቸው፤ በነጥቦቹ መሀል ያለውን መንገድ መሣሪያው በራሱ ካርታ ያሰላዋል። የኔና ያንተ ካርታ ከተለያየ በአንድ ሩት ሁለት ቦታ እንሄዳለን። ስለዚህ ከአስፋልት ውጭ የምንለዋወጠው ትራክ ይሁን።

እዚህ ላይ ቁጥር 24 ገባ። ክሩ ውስጥ ትልቁን ጭቅጭቅ ያስነሳው ይህ ነው፤ እኔም ላሳጥረው አልፈልግም። ጸሐፊው የገበሬ ልጅ ነው፤ አገሩ መርሐቤቴ ነው። አንድ ሰው በጥር ወር፣ ሰብሉ ከተነሳ በኋላ፣ በገለባው ላይ አቋርጦ የሄደበትን ትራክ ለሌሎች ያጋራል። ሌሎቹ በመስከረም መስመሩን ይዘው ይመጣሉ። መሣሪያው ቀጥል ይላቸዋል። መስመሩ ያለው ግን ያበበ ጤፍ ላይ ነው። ይህ በአጎቱ ማሳ ላይ ደርሷል። የሞተር ጎማ ጤፍን አጋድሞት ይሄዳል፤ የተጋደመ ጤፍ ደግሞ ቢያነሱት አይነሳም። ማንም ቆሞ ይቅርታ አልጠየቀም።

ቁጥር 25 ለማስታረቅ ያለ መስሎት አባባሰው። ገበሬው አጥር ያጥር አለ። ቁጥር 26 ይህን ሰው ክፉኛ ሸነቆጠው። ስንት ጋሻ መሬት ነው በእሾህ የሚታጠረው፣ ያውም ለአንተ መዝናኛ ሲባል አለው። ቁጥር 27 እና 28 ተሰዳደቡ። አወያዩ ጥቂት መስመሮች አጠፋ።

ቁጥር 29 የኔ ነው። ከገበሬው ልጅ ጋር መሆኔን በግልጽ ጻፍኩ። ትራክ የሚያጋራ ሰው የተመዘገበበትን ወር ፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ። ማሳ ያቋረጠበትን ቁራጭ ቆርጦ ያውጣው፤ ቤዝካምፕ በሚባለው የጋርሚን ነፃ ፕሮግራም መስመሩን ቆርጦ መጣል ቀላል ነው። ወንዝ በመልካ የተሻገረ ከሆነ ያንንም ይናገር፤ በበጋ ቁርጭምጭሚት የሚያርሰው ውኃ በነሐሴ ሞተር ይወስዳል። መረሬ አፈር ያለበትን ቦታም እንዲሁ። በበጋ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረው መሬት በክረምት ጎማውን አንቆ ይይዛል። ማሳው የሰው ጉሮሮ ነው። እኛ ለደስታችን ነው የምንነዳው።

ቁጥር 30 በዚሁ ላይ ጓሳን ጨመረች። የመንዝ ጓሳ የአካባቢው ሕዝብ በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ሣር ነው። ሕዝቡ ሣሩን የሚያጭደው በተፈቀደ ጊዜ ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበትም ነው። ካርታው ላይ በሣሩ መሀል ቀጭን መስመር ብታዩ የእግር መንገድ ነውና ከዋናው ጥርጊያ አትውጡ። ሰነቴም ያው ነው፤ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ የተሠራ መንገድ አለ። ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ ብላ ጠየቀች። ልክ ናት።

ቁጥር 31 ጥሩ ጥያቄ አመጣ። ካርታው ላይ የእግር መንገድና የመኪና መንገድ እንዴት ይለያል? ሐዋሳ ያለው ቁጥር 1 በቁጥር 32 መለሰ። ብዙው የገጠር መስመር በሳተላይት ፎቶ ላይ ተመርኩዞ በበጎ ፈቃደኞች የተሳለ ነው። የሳለው ሰው ቦታውን አላየውም። ከሰማይ ሲታይ ሰፊ የከብት መንገድና ጠባብ የመኪና መንገድ ይመሳሰላሉ። ይህን የሚያስተካክለው በቦታው ያለፈ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከጉዞ ስንመለስ ገብተን መንገዱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አፈር ይሁን ጠጠር፣ ድልድይ ይኑረው አይኑረው መመዝገብ አለብን። ትራክስ ፎር አፍሪካ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ካርታም የተገነባው መንገደኞች በላኩት ትራክ ነው። በክፍያ ነው፤ ቱሪስት በሚበዛበት በኦሞ በኩል ጥሩ ሆኖ አግኝቶታል። ሸዋ ውስጥ ግን ነፃው ይበልጣል ይላል። ነፃው የሚበልጠው እኛ ስንሞላው ነው፤ የመጀመሪያው አቋሜ ወዴት እንደሚያደርስ እሱ ከኔ በተሻለ ተናግሮታል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተበታተነ። ቁጥር 33 በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ውኃ ገብቶበት ሞተሩ እንደቆመበት አወራ። ቁጥር 34 በጨርቅ አጥልሎ መቅዳትን መከረ። ቁጥር 35 መሐል ሜዳ ላይ ጎሚስታ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ፤ ቁጥር 36 አለ፣ ግን የሞተር ከመነዳሪ ከቤት ይዘህ ሂድ አለው። ቁጥር 37 በንዝረት ስለሚሰበር ማሰሪያ ጻፈ። መሣሪያው ተነቅሎ ቢወድቅ እንዳይጠፋ በቀጭን ገመድ ከመሪው ጋር እሰሩት፤ ከሞተሩ ባትሪ በሚመጣው ሽቦ ላይም ፊውዝ አስገቡ። ይህ ለብቻው ክር ይገባዋል።

ቁጥር 38 ስለ ጉምሩክ ጠየቀ። የሳተላይት ስልክና ድሮን ያለ ፈቃድ እንደማይገባ ሁላችንም እናውቃለን። የካርታ ጂፒኤስ ግን ምልክት ይቀበላል እንጂ አያስተላልፍም። ሞንታና 700አይ የሚባለው ግን በሳተላይት መልእክት ይልካል፤ በአንዲት ፊደል ብቻ ነው የሚለየው። ስለዚህ ቁጥር 39 ያለ ፈቃድ አታስመጡት፣ መጀመሪያ ጠይቁ ብሎ አስጠነቀቀ። ሻንጣ ውስጥ መደበቅን የመከረ አንድ ሰው ነበር። አልስማማም፤ ዕቃውን ለሚያመጣልን ወገን ችግር መግዛት ነው።

ቁጥር 40 የቨርጂኒያው ወንድማችን ነው። ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ስለሚመጣ ሁለት መሣሪያ ይዞ ሊመጣ እንደሚችልና ቀረጡን እንደምንከፍል ከተስማማን ሞዴሉን እንድንነግረው ጻፈ። ከጓደኞቼ ጋር ተመካክረን በቁጥር 41 መለስኩለት። አንደኛው ጂፒኤስማፕ 276ሲኤክስ ነው፤ ከፊት የሚነዳው ሰው ሞተር ላይ ይታሰራል። ሁለተኛው ኢትሬክስ 32ኤክስ ነው፤ ከኋላ በሚመጣው ሰው ኪስ ውስጥ ትሆናለች። የቀረነው በአሮጌ ስልክ እንነዳለን። ካርታውን እኔ አዘጋጃለሁ፤ የሸዋው ከነከፍታ መስመሩ አልቋል፣ የባሌው ይቀረኛል። በባሌ በኩል ከሪራ እስከ ዶሎ መና ያለውን መንገድ በቅርቡ የነዳችሁ ካላችሁ ወሩን ጽፋችሁ ትራካችሁን ከሥር ላኩልኝ።